በገዳሪፍና በመተማ ሰማይ የወደቁ ክንፎች

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላኖች ወሬ በተነሣ ቁጥር የእንግሊዙ ስፒትፋየርና የጀርመኑ ሜሰርሽሚት ስም ይጠራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወጋ ጥቂት ነው። እኛ ግን ከራሳችን ደጃፍ፣ ከመተማ ማዶ በምሥራቅ ሱዳን ሰማይ ላይ ስለ ተዋጉት ልናነሣ ወደድን።

የጣሊያኑ ፊያት ሲ.አር. 42 ድርብ ክንፍ ያለው፣ በከፊል ሸራ የለበሰ፣ አብራሪውም ጣራ በሌለው መቀመጫ ነፋስ እየመታው የሚያበረው አውሮፕላን ነበር። «ፋልኮ» ይሉታል፤ ጭልፊት ማለት ነው። ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ስትገባ የስዊዝ መንገድ ተዘጋባት። ስለዚህ ጭልፊቱን ፈታትተው በትልቅ የማመላለሻ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እየጫኑ በረሃውን አሻገሩት። ወታደር የሆነ ሁሉ ይህን ብልሃት ሳያደንቅ አያልፍም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የገጠመው የእንግሊዙ ግላዲየተርም እንደ እርሱ ድርብ ክንፍ ነበር። በአውሮፓ ሰማይ ዘመን ያለፈበት ሁሉ ለእኛ ሰማይ ተረፈ።

ጥቅምት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. ጭልፊቶቹ የገዳሪፍን ማረፊያ መቱ። 8 ዌልስሊ ቦምብ ጣዮችና 2 ቪንሰንቶች ከመሬት ሳይነሡ ወደሙ። ይህ የሆነው የጎጃም አርበኞች ከሱዳን የሚመጣውን ርዳታ በሚጠባበቁበት ወቅት ነው።

በ27 ብርጋዴር ስሊም 10ኛውን የሕንድ ብርጌድ አሰልፎ ገላባትን ያዘ፤ መተማን ግን ሊይዝ አልቻለም። ግላዲየተሮቹ በአንድነት ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ እየተነሡ ስለ ገጠሙ ጭልፊቶቹ ለቃቀሟቸው። የደቡብ አፍሪካው ስኳድሮን አዛዥ ሻለቃ ቫን ስካልክዊክም በዚሁ ውጊያ ተመትቶ ሕይወቱ አለፈ። ሰማዩ ለጠላት ከተለቀቀ በኋላ ቦምቡ በእግረኛው ላይ ዘነበ፤ ብርጌዱም ወደ ኋላ ተመለሰ።

በጣሊያን ወገን ስመ ጥር የነበረው አብራሪ ሻምበል ማሪዮ ቪሲንቲኒ ነው። የካቲት 4 ቀን 1933 ዓ.ም. በመጥፎ አየር ምክንያት ያልተመለሱ ባልደረቦቹን ሊፈልግ ተነሥቶ፣ ኤርትራ ውስጥ ነፋሲት አጠገብ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ሞተ።

ይህን ስንተርክ የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት፣ «ለወራሪ ደግሞ ይታዘንለታል?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1928 ዓ.ም. በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው፣ ከዚያም አርበኞቻችንን ከሰማይ ሲያሳድድ የኖረው ያው የጣሊያን አየር ኃይል ነው። በዚያ መርዝ ስላለቁት ይቅር የማለት ሥልጣን ለእኛ አልተሰጠንም። ዳሩ ግን የጠፋ ባልደረባውን ሊፈልግ የሚመለስ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ፣ የማንንም መለዮ ቢለብስ፣ ወታደር ያውቃል። ይህንኑ መለስንላቸው፤ አልረኩም።

ወንድሙ ሊቾም በጣሊያን ባሕር ኃይል ሲያገለግል በ1935 ዓ.ም. ጂብራልታር ላይ መሞቱን ጨመርንላቸው። እመቤቲቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «እናታቸው ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ?» አሉን።