ሰባት ቤት ያላገደው በሽታ

ተወልጄ ያደግሁት ዋግ ውስጥ፣ ሰቆጣ ነው። የምመሰክረው ስለ ዊልሰን በሽታ ነው። ይህ ደዌ ከእናትና ከአባት ይወረሳል፤ ጉበትንና አንጎልን ይጎዳል፤ ነገር ግን መድኃኒት አለው።

የጀመረኝ ከእጄ ነው። ለመምህርነት ስማር ጽሕፈቴ ተበላሸ። ሲኒ ስይዝ ቡናው ይደፋል፤ ምላሴ ተሳሰረ፤ ለሃጬ ይወርድ ጀመር። ሰክሮ ነው ያሉ ነበሩ፤ ቡዳ በልቶት ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው ያሉም ነበሩ። እናቴ በቋንቋችን በኽምጣኛ እየጸለየች ከጸበል ጸበል ይዛኝ ዞረች። ጸበሉ ልቤን አጸናልኝ፤ መንቀጥቀጡ ግን እየባሰ ሄደ። መራመድ ሲያቅተኝ አባቴና አጎቴ ደግፈው አውቶቡስ ላይ አወጡኝ።

አዲስ አበባ ላይ ፍንጩን ያገኙት የዓይን ሐኪም ናቸው። በማጉያ መሣሪያቸው ሲያዩኝ በዓይኔ ጥቁር ክፍል ዙሪያ፣ በውጭው ጠርዝ ላይ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ቀለበት ነበር። የደም ምርመራውና የ24 ሰዓት ሽንቴ የዊልሰን በሽታ መሆኑን አረጋገጡ። ሰው ሁሉ ከሚበላው ምግብ ጥቂት መዳብ ያገኛል፤ የተረፈውን ጉበት ከሐሞት ጋር ያስወግደዋል። የእኔ ጉበት ይህን የሚያዝለት ዘረ መል ተበላሽቶበት መዳቡ እዚያው ተከማቸ፤ ከዚያም አልፎ አንጎሌ ገባ።

አባቴ «ዶክተር፣ ከማን ወገን ነው የመጣው?» ብሎ ጠየቀ። የእርሱና የእናቴ ጋብቻ እንደ አገራችን ወግ ሰባት ቤት ተቆጥሮ የተፈጸመ ነው።

«ከሁለታችሁም እኩል ነው አባቴ» አሉት። «እያንዳንዳችሁ የዘረ መሉን አንድ ብልሹ ቅጂ ይዛችኋል፤ ብቻውን አያሳምምም። የሚታመመው ሁለቱንም የወረሰ ልጅ ነው።»

እናቴ ለዓመታት «በምን ኃጢአቴ ነው?» ስትል ኖራለች። ይህን ስትሰማ ትከሻዋ ቀለላት።

የታዘዘልኝ ፔኒሲላሚን ነው። በሽታው በስሙ የሚጠራው ሐኪም ኪኒየር ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1912 በሽታውን ሲገልጽ ታማሚው የሚጠብቀው ሞቱን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ዎልሽ ይህን መድኃኒት ለበሽታው አዋለው። መድኃኒቱ መዳቡን ይዞ በሽንት ያስወጣዋል፤ ትራየንቲን የሚባለውም የዚሁ ወገን ነው። ዚንክ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ መዳቡ ገና ከአንጀት ወደ ደም እንዳያልፍ ያግዳል።

መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ባሰብኝ። ይህ ሊደርስ እንደሚችል አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አላቋረጥሁም፤ መጠኑንም ቀስ እያሉ ጨመሩልኝ። በባዶ ሆድ እየዋጥሁ፣ ከጉበትና ከለውዝ እየተከለከልሁ ወራት አለፉ። መጀመሪያ ቃሌ ተመለሰ፤ ቀጥሎ እግሬ፤ በመጨረሻ እጄ።

ሐኪሙ የእናት የአባቴ ልጆች ሁሉ እንዲመረመሩ አዘዙ። እያንዳንዱ በሽታውን የመውረስ ከአራት አንድ ዕድል አለውና። ታናሽ እህቴ ላይ ተገኘ። አንድም ቀን ያልተንቀጠቀጠች ልጅ መድኃኒት ጀመረች፤ እስከ ዛሬም አልተንቀጠቀጠችም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ዋግን ሲያጥለቀልቅ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ባንኩም ተቋረጠ። የሁለታችንም መድኃኒት ወደ ማለቁ ነበር። ይህን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ጉበትን አጥፍቶ ሊገድል እንደሚችል እናውቃለን። ሐኪማችን ለክፉ ቀን ብለው የዚንክ መጠን ጽፈው ሰጥተውን ነበር። ዚንክ ደግሞ ሕፃናት ሲያስቀምጣቸው ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጥ፣ ገጠር ድረስ የሚታወቅ ክኒን ነው። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በእጇ የቀረውን አካፈለችን፤ መንገዱ እስኪከፈት በእርሱ ቆየን። ይህን ያደረግነው በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ ማንም በራሱ ፈቃድ መድኃኒት እንዳይቀይር አደራ እላለሁ።

በሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልና በየጤና ጣቢያው ያላችሁ ባለሙያዎች፣ ወጣት ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥና አንደበቱ ሲተሳሰር፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት ሕመም ሲገጥማችሁ ይህን በሽታ አስቡልን፤ ዓይኑን ወደሚያይ ሐኪም ላኩት። ወላጆች፣ ልጃችሁን ጸበል ስታስጠምቁ ሐኪም ቤትም ውሰዱት፤ እኔ በሁለቱም ቆሜአለሁ። በሽታው ከተገኘበትም ወንድም እህቱን ሳታስመረምሩ አትቀመጡ። እኔን መድኃኒቱ ከወደቅሁበት አነሣኝ፤ እህቴን ግን ከመውደቋ በፊት ያዛት። ለሌላውም ልጅ የምመኘው የእህቴን ዕጣ ነው።