የመጫኛው ቋጠሮ

ወዳጄ፣ ኮልፌ አጠና ተራ ሄደህ አጠና ሲታሰር ካላየህ አንድ ቅዳሜ ጎራ በልና እይ። ለቶፖሎጂ ትምህርት ከሰሌዳ ይሻልሃል። ጫኙ የመጫኛውን ሁለት ጫፍ ይዞ መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ ያጠልፋል፤ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ። ጀማሪው ሁለቱንም ጊዜ ቀኙን በግራው ላይ ያደርግና ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሸክሙ ይዘረገፋል። ቋጠሮዎቹ ለዓይን መንታ ናቸው እኮ!

ሒሳብም ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል። የየቋጠሮውን ጫፎች አጋጥመህ ስፋና መውጫ የሌለው ቀለበት አድርገው። ከዚያ ወዲያ ብትታገል አይፈታልህም። እንግዲህ ጥያቄው ሌላ ነው፤ ይህን ገመድ ጠርዙ ያደረገ አንድ ወጥ ጨርቅ፣ ራሱን ሳይነካና ሳይጨማደድ፣ ከርዝመት፣ ከወርድና ከከፍታ ሌላ ወደ አራተኛ አቅጣጫ ገብቶ ሊዘረጋ ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነ ቋጠሮው ስላይስ ይባላል።

አራተኛው አቅጣጫ አይታይም፤ አምናለሁ። ግን ቀለበት መንገዱ ላይ ያለውን ማሻገሪያ ድልድይ አስብ። ሜዳ ላይ የሚጋጩ ሁለት መንገዶች ከፍታ ሲጨመርላቸው ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። ነገሩ ይኸው ነው፣ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ።

ይህንን ላባባ ለማስረዳት የእማዬን ነጠላ አልጋ ላይ ዘረጋሁት። አባባ ጉልበታቸው ሳይደክም አጠና ተራ ጫኝ ነበሩ። «መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለ ይበሉ፤ ጠርዙ ጋ አይደርስም። አንዱን ክንፍ በዚያ እናሳልፈዋለን፣ እንደ ቁልፍና እንደ ቁልፍ ቀዳዳ።» (በሒሳቡ ጨርቁ አይቀደድም፤ ራሱን አቋርጦ ያልፋል ነው የሚባለው። ነጠላ ላይ ግን ይህን ማሳየት አይቻልም፤ እማዬም በመቀስ አትስማማም።) እንዲህ ያለ ጨርቅ ጠርዝ የሆነ ቋጠሮ ሪባን ይባላል። ስንጥቁ ያለበትን ቦታ ወደ አራተኛው አቅጣጫ ትንሽ ገፋ ስታደርገው ንክኪው ይጠፋል። ስለዚህ ሪባን ሁሉ ስላይስ ነው።

አባባን ያስደነቃቸው ግን የመጫኛው ነገር ነው። ሸክም የሚይዘው ደጉ ቋጠሮ ሪባን ነው፤ ሁለተኛው ማጠላለፊያ የመጀመሪያው የመስተዋት ምስል ስለሆነ ጨርቁ በመካከላቸው ይዘረጋል። የጀማሪው ቋጠሮ፣ ያ ዳገት ላይ የሚከዳው፣ አራተኛ አቅጣጫም ቢሰጠው ስላይስ አይሆንም። «እዚህ የላላው እዚያ ጠበቀ በለኛ!» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ነጠላውን እያገላበጡ፣ «ታዲያ ያለ ስንጥቅ በሌላ ዘዴ የሚዘረጋ የለም?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ራልፍ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ስላይስ ሁሉ ሪባን ነው ወይ? እስከ ዛሬ ውሉ አልተገኘም። ፓውሎ ሊስካ በ2007 ለአንድ ትልቅ የቋጠሮ ወገን እውነት መሆኑን አሳየ። ጎምፍ፣ ሻርለማንና ቶምፕሰን ደግሞ በ2010 ስላይስ የሆኑ፣ ሪባን መሆናቸው ግን የሚያጠራጥር ቋጠሮዎች አቀረቡ። ሊሳ ፒቺሪሎ የተባለች የድኅረ ምረቃ ተማሪ የኮንዌይን ባለ 11 ማቋረጫ ቋጠሮ በ2018 በሳምንት ባልሞላ ጊዜ ስላይስ አለመሆኑን አረጋገጠች፤ ሥራዋ በ2020 ታተመ። ያ ቋጠሮ ሃምሳ ዓመት ያህል አልበገር ያለ ነበር። ተማሪ ነበረች እኮ፣ እንደኛ!

«ይኼ እንጀራ ይሆናል?» አሉ አባባ በመጨረሻ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ሁለቱ ታናናሾቼ የኔን ደመወዝ ይጠብቃሉ። አንድ መምህሬም ባንክ የሚቀጥረው ስታቲስቲክስ ያጠናውን ነው ብለውኛል። የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ የማስገባው ዓርብ ነው። ቅጹ ባዶውን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ከሚያጠራጥሩት ቋጠሮዎች አንዱን በካርቶን ላይ ስዬ ከበላዩ ሰቅዬዋለሁ፤ እማዬ የብራና ሐረግ መስሏት «ቀለም ብትቀባው ያምር ነበር» አለችኝ።