የአያቴ እርጎ

ጥር ላይ ስቶክሆልም ውስጥ በረዶ አንሸራቶኝ ቀኝ እጄ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጄሶ ታሰረ። ከሕመሙ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የሰው እጅ ማየቱ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ሰጪ ሆኜ ኖሬያለሁና።

መስጠት እወዳለሁ። ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው አሰላ መላክ ነው፤ ለእናቴ መድኃኒት፣ ለወንድሜ ትምህርት፣ ለአክስቴ የቤቷ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ተመትቶ ፎቶው በስልክ የመጣ ዕለት ባቡር ውስጥ መቀመጥ አላስቻለኝም፤ ከደስታዬ ብዛት ከሥራ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። እናቴ ደግሞ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር "በሶ ልላክልሽ?" ትለኛለች። "ተዪው እማዬ፣ አትድከሚ፤ እዚህ ሁሉ አለ" እላታለሁ። ለእሷ ያዘንኩላት ይመስለኝ ነበር።

የምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ልብስ የሚታጠበው ምድር ቤት ባለው የጋራ ክፍል፣ በተራ ነው። ተራዬ ደርሶ ቅርጫቱን በግራ እጄ እየጎተትኩ ደረጃ ስወርድ ከእኔ በታች የሚኖሩ አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት አዩኝ። "ልያዝልሽ?" አሉኝ። "ኧረ እችላለሁ" አልኳቸው። በሚቀጥለው ተራዬም እንዲሁ ሆነ። ያን ጊዜ ቅር ሲላቸው ከፊታቸው አየሁና ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ሊነጋጋ ሲል አያቴ ስለ ስዊድኖቹ የምታወራው ትዝ አለኝ።

እንደ ፈረንጆቹ በ1967 ስዊድኖች ከመንግሥታችን ጋር ሆነው በአርሲ ጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ጀምረው ነበር። የአሰላ ሰው "ካዱ" ይለዋል። ማዳበሪያና ምርጥ የስንዴ ዘር በብድር ሰጠ፣ የፈረንጅ ከብት ከአገሬው አዳቀለ፣ የገበሬውን ወተት ሰበሰበ። ዛሬም ስንዴ ላይ የሚመራመረው የቁሉምሳ ጣቢያ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በረከቱ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ምርቱ ሲያድግ ባለርስቱ ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን ያስነሣ ጀመር፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ብዙ ጎጆ ፈርሷል። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ በእነዚያ ጭሰኞች ላይ ግፍ መዋል ይሆንብኛል።

አያቴ ግን ያን ዘመን ስታነሣ የምታወራው ስለ እርጎዋ ነበር። ከፈረንጆቹ አንዱ ቤቷ ጎራ ቢል በወይራ የታጠነውን ዕቃ ከፍታ በዋንጫ ቀዳችለት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ይቅርብኝ" አላት። "የእሱን ሁሉ ተቀበልን፤ እሱ የእኔን አንዲት ዋንጫ እምቢ አለ" ትል ነበር፣ ስንት ዘመን አልፎም ድምፅዋ እየተሰበረ። ሰውየው ኋላ ላይ ተመልሶ መጥቶ ጠጣላት። ጢሙ ላይ የቀረውን እርጎ በእጁ ጀርባ ሲጠርግ እያስመሰለች ታሳየን ነበር። "ከዚያ ወዲያ የቤት ሰው ሆነ" ትል ነበር።

የእናቴን በሶ ስንት ጊዜ "ይቅርብኝ" እንዳልኩ መቁጠር ጀመርኩና አቆምኩ። አርሲ ላይ ስንዴ በኮምባይነር መታጨድ ሳይጀምር ሰው በደቦ ሲያጭድ፣ ዛሬ የእኔ ማሳ ላይ የዋለ ነገ የእሱ ላይ እንድውልለት ይጠብቃል። እኔ የሰው ማሳ ላይ ስውል ኖሬ የራሴን ዘግቻለሁ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ለልጄ ሰጠሁ ብላ እንድታድር አልፈቀድኩላትም።

ተራዬ እንደገና ሲደርስ ወርጄ የአሮጊቷን በር አንኳኳሁ። "ቅርጫቱን ቢይዙልኝ" ማለት እንዲያ ይከብዳል ብዬ አላስብም ነበር። ምንም ሳይሉ ጫማቸውን አጠለቁ። ልብሱ ታጥቦ ደርቆ ሲወጣ አንሶላውን አብረን አጠፍነው፤ እሳቸው ሁለቱን ጫፍ ይዘው፣ እኔ አንዱን በግራ እጄ፣ ሌላውን በአገጬ። አንሶላው ሦስቴ አመለጠኝ። ሦስቴም ጎንበስ ብለው አነሡት።

ቅዳሜ ጓደኛዬ መጥታ ፀጉሬን አጥባ ሠራችኝ፤ ቡናውንም እሷው አፈላችው። አሮጊቷን ጠራኋቸው። እስከ በረካ ቁጭ አሉ። ከቀናት በኋላ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ "ስላለፈው አመሰግናለሁ" አሉኝ። ስዊድኖች በእንግድነት ከዋሉ በኋላ እንደዚህ የማለት ልማድ አላቸው፤ ከልማዳቸው ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ።

ጄሶው ሲፈታ ለእናቴ ደወልኩና የደበቅኳትን ሁሉ ነገርኳት። ዝም አለች።

"ማን አጠበልሽ?"

"አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ።"

"እግዜር ይስጣቸው።"

"እማዬ፣ በሶ ላኪልኝ። ቆሎም ጨምሪበት።"

ስልኩን ሳትዘጋ ከበር ወጥታ ጎረቤቷን ስትጣራ ሰማሁ፤ "ምጣድሽን አውሺኝ! ልጄ በሶ አማራት!" ተመልሳ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ "ቅቤውን እዚያው ግዢ" አለችኝ። "የሴትዮዋን ለብቻ አስረዋለሁ፤ እንዳትቀላቅዪው።"