ተደብቆ ማለፍ፤ ለጀማሪ አያቶችና ወላጆች

«ጡረታ የወጣች ነርስን ከቪዲዮ ጌም ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉኝ አትጠፉም። ያገናኘኝ የልጅ ልጄ ነው። ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው። የሚማርበት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእኔ ጋር ሊቀመጥ ወደ ፈረስ ቤት መጣ፤ ከደብተሮቹ ጋር አንድ አሮጌ ፕሌይ ስቴሽን 2 ይዞ ነበር። የደጋ ዳሞትን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከመሸ ደጅ አይወጣም። ጊዜውም ማታ የሚያስወጣ አይደለም። መብራት ባለ ጊዜ እሱ ይጫወታል፣ እኔ ጥጥ እየፈተልኩ አያለሁ። ከማየት ወደ መጠየቅ፣ ከመጠየቅ ጆይስቲኩን ወደ መያዝ ደረስኩ።

ጌሙ «ሜታል ጊር ሶሊድ 3» ይባላል። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ያወጣው ነው፤ የፈጠራው ባለቤት ሂዴዎ ኮጂማ ይባላል። የመጀመሪያው «ሜታል ጊር» በ1987 ሲሠራ የዘመኑ ኮምፒውተር ብዙ ወታደሮችን በአንድ ጊዜ ማሳየት ይከብደው ነበር። ስለዚህ ሰውየው ጨዋታውን በመዋጋት ሳይሆን ተደብቆ በማለፍ ላይ መሠረተው። ብልሃቱ ከችግር ተወለደ ማለት ነው። በሦስተኛው ክፍል ዘመኑ 1964፣ ቦታው የሶቭየት ኅብረት ጫካ ነው። አንድ ወታደር ብቻውን ይገባል፤ ልብሱንም ምግቡንም መድኃኒቱንም ራሱ ያስባል።

ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ድብብቆሽ ሳይጫወት ያደገ የለም። ታላላቆቻችንም በየካቲት 1933 ዓ.ም. በዚሁ በምዕራብ ጎጃም የሆነውን ያውቃሉ። ዊንጌት የሚመራው የጊዲዮን ጦር ሁለት ሺህ ያህል ሰው ብቻ ይዞ፣ በቡሬና በማንኩሳ ምሽግ የነበረውን፣ በቁጥር በብዙ የሚበልጠውን የጣሊያን ጦር በሌሊት እየቀረበ በጥቂት በጥቂት ሰው ያውከው ነበር። ጣሊያኖች የመጣባቸው ትልቅ ጦር መስሏቸው የካቲት ሳያልቅ ቡሬን ለቀቁ። ጥቂት ሰው ብዙውን የሚያሸንፈው እንዲህ ነው፤ ሲታይ ሳይሆን ሳይታይ።

እንግዲህ ለጀማሪ የሚጠቅሙትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከመሄድ በፊት ማየት። ጌሙ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይሰጣል። ጠባቂው ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ የት ቆሞ እንደሚዞር ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪመላለስ ተመልከቱ። በሽተኛ ሲመጣ እጃችንን ከማሳረፋችን በፊት አተነፋፈሱን፣ የፊቱን ቀለም፣ አካሄዱን እናይ ነበር። ይህም ያው ነው። ልጆች የሚሸነፉት በር እንደተከፈተ ስለሚሮጡ ነው፤ እኛ አዛውንቶች እዚህ ላይ እንበልጣቸዋለን።

ሁለተኛ፣ እርምጃን ማሳነስ። ሩጫ ድምፅ አለው። በጆይስቲኩ በግራ በኩል ባሉት የአቅጣጫ ቁልፎች ስትሄዱ ሰውየው ኮቴው ሳይሰማ ይራመዳል። በኤክስ ቁልፍ ደግሞ ማንበርከክና በደረት ማስተኛት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ መመሳሰል። በስክሪኑ ላይኛው ቀኝ ጥግ በመቶኛ የሚታይ ቁጥር አለ፤ ከአካባቢው ጋር ምን ያህል እንደተመሳሰላችሁ ይናገራል። ሣር ላይ የሣር መልክ ያለው ልብስ ልበሱ፣ ፊትም ይቀባል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ልብስ ቀይሩ ወይም ተኙ።

አራተኛ፣ ሆድን አለመርሳት። ሰውየው ሲርበው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ሲጮህ ጠላት ይሰማል። ያደነው ሥጋ ከቦርሳው ከቆየ ይበላሻል፤ የተበላሸውን ከበላ ያመዋል። የምግብ ንጽሕናን ለዓመታት ሳስተምር እንዲህ ቶሎ የገባው ተማሪ አላጋጠመኝም።

አምስተኛ፣ ከታያችሁ አትዋጉ። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ቀጥሎ ይፈልጓችኋል፣ ከዚያ በጥንቃቄ ይጠብቃሉ፣ መጨረሻ ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። ሽሽት፣ መደበቅ፣ መታገሥ። ቁጥሩ እየቆጠረ ይወርዳል። የሚያስተኛ ማደንዘዣ የሚተኩስ ሽጉጥም ተሰጥቷችኋል፤ ድምፅ ማፈኛው ግን በተተኮሰ ቁጥር እያለቀ ስለሚሄድ ቆጥባችሁ ተጠቀሙ።

ስድስተኛ፣ ሴቭ ማድረግ። ይህን በእኛ አገር መብራት ለሚጫወት ሁሉ በትልቁ እጽፈው ነበር። ሴቭ የሚደረገው በሬዲዮ ለአንዲት ሐኪም በመደወል ነው። ሐኪሟ ስለ ምግብና ስለ ቁስልም ትመክራለች፤ ሙያዬ ነውና ከሁሉ ገጸ ባሕርያት ለእሷ አደላለሁ።

ስለ ቁስል ካነሳሁ ግን ዝም ብዬ የማላልፈው አለ። በዚህ ጌም የቆሰለው ሰው በተጫዋቹ እጅ ይታከማል፤ ይታጠባል፣ ይሰፋል፣ በፋሻ ይታሰራል። ይህን ማሳየቱ ደግ ነው። ነገር ግን ጥይት በቢላ ፈልቅቆ ያወጣል። ልጆቻችሁ ይህን ሲያዩ «አይሆንም» በሏቸው። የቆሰለ ሰው ጥይቱ አይነካም፤ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ ሳይለቁ አጥብቆ መጫንና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው የሚያድነው። አልቅትንም በሲጋር እሳት ያስለቅቃል። እሳት የነካው አልቅት የሆዱን መልሶ ቁስሉ ውስጥ ሊተፋ ስለሚችል፣ በጥፍር ከአፉ በኩል ገፋ አድርጎ ማላቀቅ ይሻላል። ስብራትን በእንጨት ደግፎ ማሰሩ ትክክል ነው። እንደ አንዳንድ ወጌሻ ግን ከልክ በላይ አይጥበቅ፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው ይላላ። በጥብቅ እስራት ምክንያት እግር ሲቆረጥ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጌሙ እያለቀ ሲሄድ ሰውየው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ ይጓዛል። በመንገድ የገደላቸው ሰዎች መንፈስ አንድ በአንድ ከፊት ለፊት ይመጣበታል። ብዙ የገደለ ብዙ ያያል። ያልገደለ፣ ከታሪኩ የማይቀሩት ጥቂት ተጋጣሚዎች ካልሆኑ በቀር፣ ባዶ ወንዝ ይሻገራል።

የልጅ ልጄ መጀመሪያ ሲጫወት እየተኮሰ ነበር የሚያልፈው። ወንዙ ላይ ሲደርስ ሰልፉ አላልቅ አለ። ጆይስቲኩን እንደያዘ ዞሮ አየኝ።

«እምዬ፣ እነዚህን ሁሉ እኔ ነኝ?»

«ጌሙ ነው እንጂ የሚቆጥረው» አልኩት።

ዝም ብሎ ቆየና «አንቺ ስትሠሪ በጥይት ተመትቶ የመጣ ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ በቃሬዛ ተሸክመው ከሩቅ አመጡት። ጭኑ ላይ ነበር የተመታው። ደጃፋችን ሲደርስ ደሙ አልቆ ነበር፤ እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ትከተል ነበር። ከዚህ ሌላ አልጨመርኩም።

ያን ዕለት ማታ፣ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እነሱ ከተማ ሌሊት የሚሰማውን ነገረኝ። እናቱ ከመስኮት አርቃ መሬት ላይ ታስተኛቸው እንደነበር፣ ከክፍሉ ልጆች የት እንደገቡ የማይታወቁ እንዳሉ፣ እሱም «ምን ትሠራለህ ተቀምጠህ?» እንደተባለ ነገረኝ። ወራት አብረን ተቀምጠን አንድም ቀን ያልወጣው ነገር በሁለት ሰዓት ወጣ። በማግስቱ ጌሙን ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በዚህኛው ዙር ሁሉንም እያስተኛ አለፈ። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ወንዙን ሲሻገር አጠገቡ ነበርኩ።

ጌም ልጅን ደግ ያደርጋል አልልም። አባዜ የሆነበትና እንቅልፉንም ጥናቱንም የተወ ልጅ አለ፤ ለዚያ ሰዓት መወሰን ያስፈልጋል። ይህ ጌም ራሱ ደም ስላለበት አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ላሉ አይመከርም፤ ለታናናሾች አይሁን። በየጌም ቤቱ የሚዞረው ኮፒ ሽፋን ስለሌለው የዕድሜውን ምልክት አታገኙም፤ ስለዚህ ራሳችሁ ተቀምጣችሁ እዩት።

ልጆች ፊት ለፊት ሲጠየቁ «ደህና ነኝ» ይላሉ። ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ስክሪን ላይ እጃቸው ጆይስቲክ ላይ እያለ ግን ይናገራሉ። እናንተም እንዝርቱን ወይም ጋዜጣውን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ «ይኼ ጠባቂ አሁን ወዴት ይዞራል?» ብላችሁ ጀምሩ። ሲመልሱላችሁ አትቸኩሉ፣ አትቆጡም፤ ቀስ ብላችሁ ተጠጉ።