ስለ ፒክአፕ መኪና የኋላ መዝጊያ

በእኛ በደጋው አገር ፒክአፕ መኪና ያለው ሰው ለራሱ ብቻ የሚኖር አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ፤ ከጋሳይም ወደ ክምር ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለ ዘመዱ ሁሉ፤ በሽተኛ ያለበትም፤ ድንች የሚሸጥም፤ ለቅሶ የሚደርስም ወደ እርሱ ይልካል። የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ነው። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ከመዝገብ ጋራ የምውል ስሆን ስለ መኪና መዝጊያ ብዕር ያነሣሁት በእርሱ መኪና ምክንያት ነው። ነገሩ ለአንባቢ ጥቂት ቢመስልም በቤታችን ግን ሽማግሌ እስኪቀመጥበት ድረስ አከራክሮናል።

አስቀድሜ መዝጊያ የምለውን ልግለጽ። የፒክአፕ የጭነት ቦታ በሦስት ወገን የማይነቃነቅ ግድግዳ አለው፤ በስተኋላ ግን ወደ ታች የሚዘረጋ የብረት መዝጊያ አለበት። መዝጊያው ከሥሩ በማጠፊያ ተይዟል፤ መካከሉ ላይ ያለው እጀታ ሲሳብ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ዘንጎች በግራና በቀኝ ያለውን መንጠቆ ያላቅቃሉ፤ ሲዘረጋም የሽቦ ገመድ ወይም ሰንሰለት ደግፎ ይይዘዋል። በአገራችን መንገድ ዘወትር የምናየው የቶዮታ ሃይሉክስ መዝጊያ እንዲህ ያለ ነው። ገመዱ ቢበጠስ በጠፍር ይታሰራል፤ መንጠቆው ቢያረጅ በሽቦ ይጠመጠማል፤ ባለቤቱም ሳያፍር ብዙ ዓመት ይሠራበታል።

በአሜሪካ ግን ኩባንያዎቹ በዚህ መዝጊያ ላይ ብርቱ ፉክክር ይዘዋል። ሆንዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ለሽያጭ ባቀረበው ሪጅላይን ላይ መዝጊያው ወደ ታችም፤ እንደ ቤት በር ወደ ጎንም እንዲከፈት አደረገ። ፎርድ ጥቂት ቆይቶ ከመዝጊያው ውስጥ ተስቦ የሚወጣ ደረጃ ጨመረ። የ2019 ጂ ኤም ሲ ሲየራ ደግሞ በመዝጊያው ውስጥ ሌላ መዝጊያ አግብቶ በስድስት ዓይነት አኳኋን እንዲያገለግል አደረገው፤ አንዱ ደረጃ ነው፤ አንዱ ቆመው የሚሠሩበት ገበታ ነው፤ አንዱ ረጅም ጭነት እንዳይንሸራተት የሚያግድ ነው። የቀሩትን ለማስታወስ እንደ ዜማ ቤት ተማሪ ሌሊት ተነሥቶ መቀጸል ያስፈልጋል።

የአክስቴ ልጅ መኪናውን በ2013 ዓ.ም. የገዛው ከውጭ አገር ከተመለሰ ሰው ነው፤ የሠሪውን ስም መጥራት አያስፈልግም። መዝጊያው በቁልፉ ላይ ያለች ትንሽ ነጥብ ስትጫን ከሩቅ የሚከፈት፤ ከውስጡም ደረጃና የእጅ መያዣ የሚወጣለት ነበረ። በመጀመሪያው ቀን በግቢው ውስጥ ሲከፍትና ሲዘጋ የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ያጨበጭቡ ነበር። እኔ ግን በልቤ «ይህስ የጨዋታ ዕቃ ነው» ብዬ ፈረድሁ።

ፍርዴን የሻሩት እናቴ ናቸው። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ወደ ለቅሶ ሲሄዱ ከሾፌሩ አጠገብ መቀመጥ አይወዱም፤ የነዳጁ ሽታ ራሳቸውን ያዞረዋል፤ ደግሞም ከሴቶቹ ተለይቶ መሄድ ነውር ይመስላቸዋል። ቀድሞ በሌላ ሰው መኪና ሲሳፈሩ አንድ ጎረምሳ ከላይ ሆኖ እጃቸውን ይስባል፤ ሌላው ከታች ወገባቸውን ይገፋል፤ ነጠላቸው ይወድቃል፤ እርሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ስንኳ ሲያማርሩ አልሰማሁም፤ ነገር ግን የሩቅ ለቅሶ በመጣ ቁጥር «ጉልበቴን አመመኝ» ማለት አብዝተው ነበር። ደረጃ ያለው መኪና በመጣ ጊዜ መያዣውን በቀኝ እጃቸው ጨብጠው፤ ነጠላቸውን በግራ እጃቸው ሰብስበው ብቻቸውን ወጡ። ከዚያ ወዲህ የጉልበቱ ሕመም ወሬ አልተሰማም። ነገሩን ሳስተውለው አዲስ አይደለም፤ በቅሎ የሚቀመጡ እመቤቶች ከድንጋይ ላይ ሆነው ይወጡ እንደ ነበረ እናቴ ከእናታቸው ሰምተዋል፤ ለኮርቻም ቢሆን እርካብ የተሠራለት ለዚሁ ነው።

በ2014 ዓ.ም. በነሐሴ፤ በቡሄ ሰሞን፤ ከጉና ሥር የሚኖሩት አጎቴ በሬ ሲመልሱ በጭቃ ተንሸራትተው እግራቸው ተሰበረ። ስምንት ሰዎች እየተፈራረቁ በቃሬዛ ተሸክመው፤ ቻይኖች ወደ ሠሩት፤ ከወረታ ወደ ወልድያ ወደሚያደርሰው አውራ ጎዳና አወጧቸው። እኛም መኪናውን ይዘን ደረስን። ዝናሙ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ዘንቦ ነበር። የአክስቴ ልጅ ቁልፉን ተጫነ፤ መዝጊያው ዝም አለ። ደግሞ ተጫነ፤ አንድ ጊዜ ጠቅ አለና ዝም አለ። በእጅ የሚሳብ እጀታ የለውም። በቡጢ ቢመቱት፤ በድንጋይ ቢያንኳኩት እምቢ አለ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሽማግሌ «ቁልፉ ጠፍቶባችሁ ነውን?» ሲሉ ጠየቁን፤ ቁልፉ በእጃችን መሆኑን ባሳየናቸው ጊዜ ምን እንደሚሉ ጨነቃቸው።

የምናደርገው ስላጣን ቃሬዛውን እስከ ደረታችን አንሥተን በጎኑ ግድግዳ ላይ አሳለፍነው። ሲያልፍ አንደኛው ጫፍ ዘመመና የተሰበረው እግር ከብረቱ ጋራ ተጋጨ። አጎቴ ሲጮኹ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሰማሁ። ከሆስፒታሉ ደጃፍ ስንደርስም መዝጊያው እንደ ተዘጋ ነበርና በዚያው በጎኑ በኩል አወረድናቸው።

የመዝጊያው በሽታ በኋላ ታወቀ። የቁልፉ ትእዛዝ ወደ መዝጊያው ሲደርስ በውስጡ ያለው ትንሽ ሞተር መንጠቆውን ይስባል፤ ለዚህም ሽቦው ሁልጊዜ በጭቃና በውሃ በሚረጨው በመኪናው ጀርባ ማለፍ ግድ ሆነበት። ውሃ ከገባ ወይ አልከፈትም ይላል፤ ወይም ሳይታዘዝ ይከፈታል። ይህም የእኛ ጭቃ ብቻ ያመጣው አይደለም። ፎርድ በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዚሁ በውሃ ጉዳይ መዝጊያቸው ሳይታዘዝ የሚከፈት 260 ሺህ ያህል መኪኖችን ለጥገና መልሶ ጠርቷል፤ ጄኔራል ሞተርስም በ2024 በተመሳሳይ ምክንያት ከ320 ሺህ የሚበልጡትን ጠርቷል። አስፋልት በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፤ በጉና ሥር ምን ይጠበቃል?

አጎቴ ገና ሆስፒታል ሳሉ በቤታችን ክርክር ተነሣ። የአክስቴ ልጅ መዝጊያውን ጨርሶ ነቅሎ በበያጅ ተራ ብረት ሊያስበጅ ቈረጠ። እናቴ እስኪጨርስ ታግሠው «እኔንስ እንደ ድንች ጆንያ ልትወረውሩኝ ነው?» አሉት። ሁሉም ዝም አለ። በዚያ የነበረ አንድ ዘመዳችን ነገሩን ያበረደ መስሎት «የእኛ አገር ሰው ረቂቅ ዕቃ መያዝ አይችልም» አለ፤ ይህ አነጋገር ደስ አላሰኘኝም። ጋፋት ከከተማችን አጠገብ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በዚያ አሠርተው፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፤ ገደሉን እያስቆፈሩ፤ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ በመጋቢት መቅደላ አደረሱት። ወራቱን የፈጀው መንገዱ ነው እንጂ የሰው እጅ መስነፍ አይደለም።

ስለዚህ እኔ በአንድ መዝጊያ ላይ ያሉትን ሁለት ነገሮች ለይተን እንድንፈርድ ለመንሁ። ደረጃው ብረትና ማጠፊያ ነው፤ ቢጣመም የትኛው እንደ ተጣመመ ሕፃን ልጅም ያየዋል፤ ለእናቴም ክብራቸውን መልሶላቸዋል። ከሩቅ መክፈቻው ግን ያዳነው ድካም ቢኖር ሁለት እርምጃ ነው፤ ለዚህ ሁለት እርምጃ ሲል በሽተኛውን ከውጭ አስቀረብን፤ ሲበላሽም ሕመሙ ከማይታይበት ቦታ ነው። የአክስቴ ልጅ መተኪያው ከአዲስ አበባ ሲመጣ የሚያስከፍለውን ዋጋ ጠይቆ የሁለት በሬ ዋጋ መሆኑን ስለ ሰማ፤ ምክሬን ለመቀበል ብዙ አላስቸገረም።

በያጁ ሞተሩን አውጥቶ በግራና በቀኝ ሁለት ወፍራም መወርወሪያ አበጀ፤ ደረጃውን ግን አልነካውም። ሥራው አላማረም። ቀለሙም ከመኪናው ጋራ አልገጠመምና የአክስቴ ልጅ እንግዳ ሲመጣ መኪናውን ጀርባውን ወደ አጥር አዙሮ ያቆማል።

በኅዳር አጎቴ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። እናቴ ሊያደርሷቸው አስቀድመው ወጥተው ተቀምጠዋል። አጎቴ በምርኩዝ ቀስ እያሉ መጡና መኪናውን አይተው ቆሙ። «ይህችው ናት?» አሉ። የአክስቴ ልጅ አፍሮ ሁለቱን መወርወሪያዎች በእጁ ሳበና መዝጊያውን ዘረጋው፤ ደረጃውንም አወጣ። አጎቴ ምርኩዙን ለእናቴ አቀብለው መያዣውን ጨበጡ፤ ደኅነኛውን እግራቸውን አስቀድመው ረገጡና ወጡ። ከተቀመጡም በኋላ ዘወር ብለው መወርወሪያውን በጣታቸው ሳብ መለስ አድርገው ሞከሩት።