ያ ብረት

እትዬ ሽጉጡን ያገኙት የባለቤታቸው አርባ ከወጣ በኋላ፣ ልብሳቸውን ለደሃ ሊሰጡ ቁምሳጥኑን ሲያራግፉ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰውየው እዚህ አሜሪካ ትንሽ የመጠጥ መሸጫ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ሌሊት ዘግተው ሲወጡ ወገባቸው ላይ የሚያደርጉት ነው። የልጅ ልጃቸው ገና ድክ ድክ ማለት ጀምሯል። «ይሄን ከቤቴ አውጣልኝ» አሉኝ።

ቢሸጥ ሦስት መቶ ዶላር እንደማያጣ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ የማላውቀው ሰው እጅ ገብቶ ደም ቢያፈስ፣ ኀጢአቱ የማን ነው?»

ቅዳሜ ጠዋት ፖሊስ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መሣሪያ ሲቀበል ሄድን። ስም አይጠየቅም፤ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ወረፋ መጠበቅ ብቻ ነው። ጓንት ያጠለቀ ወጣት ፖሊስ ሽጉጡን ከጠቀለሉበት ካልሲ አወጣ፣ ጥይት እንደሌለው አየ፣ በአፈሙዙ የፕላስቲክ ማሰሪያ አሾልኮ ሳጥን ውስጥ ጣለው። የመቶ ዶላር የአስቤዛ ካርድ ሰጣቸው። ካርዱን ዞር ብለው ሳያዩ «ይሰባበራል አይደል? ጠይቅልኝ» አሉ። ጠየቅኩ። «አዎ እናቴ፣ ይወድማል» አለ። አማተቡ። በካርዱ ዘይትና ሽንኩርት ገዛን።

ቆይቶ፣ በዲሴምበር 2023 ኒውዮርክ ታይምስ ያወጣውን አነበብኩ። ፖሊሶች መሣሪያ የሚያስወግዱላቸው ድርጅቶች አሉ፤ አንዱ ሚዙሪ ያለው ሥራውን በነጻ ይሠራል። (በነጻ ሲባል ወትሮም ጆሮዬ ይቆማል።) በፌዴራሉ ሕግ ጠመንጃ ማለት የመለያ ቁጥሩ የተቀረጸበት አንዱ ብረት ነው። እሱ ከተፈጨ ጠመንጃው ሞተ ይባላል። አፈሙዙ፣ ሰደፉ፣ ቃታው፣ ሞላው ግን ተለቃቅሞ በአንድ ላይ ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል። ገዢው ወንጀል ይኑርበት አይኑርበት የሚመረምር የለም፤ ዕቃ እንጂ መሣሪያ አልገዛማ! የጎደለችውን ብረት ከሌላ ቦታ ካገኘ ወይ ቤቱ ከሠራት፣ ሙቱ ተነሣ።

አሪዞና እንኳ ሽያጩን በግልጽ ነው ያደረገችው። ጃንዋሪ 8 ቀን 2013፣ የምክር ቤት አባሏ ጋብሪኤል ጊፈርድስ በተተኮሰባት በሁለተኛ ዓመቱ፣ የቱሳን ከተማ ሰዎች በ50 ዶላር የሴፍዌይ የአስቤዛ ካርድ 206 መሣሪያ አስረከቡ፤ ፖሊስም አወደመው። በዚያው ዓመት አገረ ገዢዋ ጃን ብሩወር፣ ባለቤቱ ወዶ ያስረከበው መሣሪያም ይሸጥ እንጂ አይውደም የሚል ሕግ ፈረሙ። ቱሳን እምቢ ብላ ማውደሟን ቀጠለች፤ በ2017 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደባት።

አንድ ወዳጄ «ንብረት አይደለም እንዴ? ፖሊስ ሸጦ የጥይት መከላከያ ቢገዛበት ምናለበት?» ይለኛል። ከወንበዴ ለተወረሰው ይሁን፣ አልከራከርም። ከእትዬ ግን የወረሰ የለም። ሦስት መቶ ዶላሩን የተዉት «ይወድማል» ለምትል ለአንዲት ቃል ነው።

የእኛ ከተማ ሽጉጦቹን የት እንደሚልክ ደውዬ ጠይቄአለሁ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «በሕጉ መሠረት ይወገዳሉ» አለችኝ። በየትኛው ሕግ ስላት ወደ ሌላ ክፍል አዞረችኝ፤ እዚያ ሙዚቃ ሰማሁ።

ባለፈው እሁድ እትዬ ቤት ቡና ነበር። ሲኒውን እያቀበሉኝ «ያ ብረት ይሄኔ ምስማር ሆኖ ይሆናል» አሉ።

«ይሆናል» ብዬ ቡናዬን ፉት አልኩ።