የማዳም ቤት ፈረንሳይኛ ከኮምቦልቻ ሲነሳ

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያወልቀው ጃኬቱን ነው። ልዩነቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርዱ ግን ደሴ ይቀራል። እዚህ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ባህር። ድሮ የአሰብ መንገድ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ በዚህ የሚወርደው ከባድ መኪና ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ።

በዚሁ መንገድ የሰው ቤት ሥራ ፍለጋ የሚወርዱ እህቶቻችንም አሉ። ጅቡቲ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ እጅ ስለነበረች የመንግሥት ቋንቋዎቿ ዛሬም ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው። ሕዝቡ በየቤቱ ሶማልኛና አፋርኛ ነው የሚያወራው። የፈረንሳዮች ቤት የምትቀጠር ልጅ ግን ያለ ፈረንሳይኛ እጇ እንደታሰረ ቁጠሩት።

መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ስጠጣ፣ ለመሄድ የተሰናዳች አንዲት ወጣት ደብተሯን አሳየችኝ። ፈረንሳይኛውን በአማርኛ ፊደል ገልብጣዋለች። እኔም ትንሽ ስለምሞካክር ደስ ብሎኝ ገለጥኩት።

የመጀመሪያው ገጽ «ድሬሴ ላ ታብል» ይላል፣ ገበታ መዘርጋት። ስህተት የለውም፤ ግን የሆቴልና የግብዣ ቃል ነው። ማዳም ምሳ ሲደርስ የምትለው «ሜትር ላ ታብል» ነው። ቀጥሎ «ኔትዋዬ ላ ሜዞን»፣ ቤቱን ማጽዳት። ሰው ቤት ግን «ፌር ለ ሜናዥ» ይባላል። ዕቃ ማጠብ «ፌር ላ ቬሴል»፣ ልብስ ማጠብ «ፌር ላ ሌሲቭ»፣ ምግብ መሥራት በተራው ሰው አፍ «ፌር አ ማንዤ»። አያችሁልኝ? «ፌር» ማለት ማድረግ፣ መሥራት ነው፤ ይቺን አንዲት ቃል የያዘች ልጅ ግማሹን የጓዳ ሥራ ጨረሰች። ወለል መወልወል ብቻ አፈንግጦ «ፓሴ ላ ሴርፒዬር» ይሆናል። ምላስ ያስራል፣ ምን ይደረግ!

እኛስ ብንሆን? የትኛዋ እናት ናት ልጇን «የመመገቢያ ቁሳቁሶችን አጽጂ» የምትል? «ዕቃ እጠቢ» ነው! ደግሞ የሚገርመኝ፣ ቡፌና ፎቴን ከፈረንሳይኛ ወስደን ሳሎን አስጊጠንባቸዋል፤ አቧራቸውን የምናራግፍበትን ቃል ግን እዚያው ተውነው።

ታዲያ ሁሉም ነገር በተራ ቃል አይሆንም። ሰው ሲጠራ «ቱ» አንተና አንቺ፣ «ቩ» ደግሞ አንቱ ነው። ለወሎ ልጅ አንቱታ ማስተማር አያስፈልግም። ማዳም «ቱ» ብትላትም እሷ «ቩ» ትበል፤ ለጊዜው እንደዚያ ይሻላታል።

ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ደብተሩ ዳር እስከ ዳር ትእዛዝ ነው፤ አምጪ፣ እጠቢ፣ ጥረጊ። ደመወዝ የሚል ቃል የለበትም። እስኪሪብቶዬን አውጥቼ መጨረሻው ገጽ ላይ «ሞን ሳሌር» ደመወዜ፣ «ሞን ዡር ደ ኮንዤ» የእረፍት ቀኔ፣ «ሞን ፓስፖር» ፓስፖርቴ ብዬ ጻፍኩላት። እዚህ ላይ ጨዋው አነጋገር ነው የሚያዋጣው። «ዶን ሙዋ ላርዣን»፣ ገንዘቡን ስጪኝ፣ ካለች ጠብ ነው። «ዠ ቩድሬ ሞን ሳሌር፣ ሲል ቩ ፕሌ» ካለች ግን ነገሯ የሥራ ነገር ይሆናል፤ ማዳምም ዝም ብላ ልታልፈው ይከብዳታል።

ልጅቷ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ወንድም ዓለም፣ እምቢ ካለችኝስ ምን እላለሁ?» አለችኝ።

ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩላት፦ «ላምባሳድ ዴትዮፒ»፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ። ያለው እዚያው ጅቡቲ ከተማ ነው።